ሕዋሳት ከስብ አሲድ የሚሠሩ መልእክተኞችን እንዴት ይለቃሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ፕሮስታግላንዲን፣ ስለ ሊውኮትራይንና ስለ ዘመዶቻቸው አዘውትረው የሚነሡ ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረው ቀርበዋል፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከስብ አሲድ የሚሠሩ መልእክተኞች ሲባል ምን ማለት ነው?

ሕዋሳት እርስ በርስ የሚነጋገሩት በኬሚካል ነው። ብዙዎቹ መልእክተኞች ፕሮቲኖች ወይም የአሚኖ አሲድ ውጤቶች ሲሆኑ፣ አንድ ሰፊ ወገን ግን የሚሠራው ከስብ አሲድ ነው። በሰው አካል ውስጥ ከእነዚህ ጎልተው የሚታወቁት 20 ካርቦንና 4 ድርብ ትስስር ካለው ከአራኪዶኒክ አሲድ የሚገኙት ናቸው፤ ፕሮስታግላንዲኖች፣ ትሮምቦክሳን፣ ፕሮስታሳይክሊንና ሊውኮትራይኖች። የጋራ ስማቸው ኤይኮሳኖይድ ነው።

ሆርሞኖች በደም ተጉዘው ሩቅ አካል ላይ ሲሠሩ፣ እነዚህ ግን ከወጡበት ሕዋስ አጠገብ፣ አንዳንዴም በላኪው ሕዋስ በራሱ ላይ ሠርተው ይጠፋሉ። በትኩሳት፣ በቁስል ሕመም፣ በደም መርጋት፣ በጨጓራ ግድግዳ ጥበቃ፣ በምጥና በአስም ሁሉ እጃቸው አለበት። ፕሮስታግላንዲን የሚለውን ስም በ1930ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ስዊድናዊው ኡልፍ ፎን ኦይለር ነው። ምንነታቸውንና አሠራራቸውን በመፍታት ደግሞ ሱኔ ቤርግስትሮም፣ ቤንግት ሳሙኤልሶንና ጆን ቬን የ1982ን የኖቤል የሕክምና ሽልማት ተጋርተዋል።

ሕዋሱ አስቀድሞ ሠርቶ ያከማቻቸዋል?

አያከማችም። ከሁሉ በፊት መያዝ ያለበት ነጥብ ይህ ነው። ኢንሱሊንና እንደ አሴቲልኮሊን ያሉ የነርቭ መልእክተኞች በጥቃቅን ከረጢቶች ተሞልተው ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ትእዛዙ ሲደርስ ከረጢቱ ከሕዋሱ ሽፋን ጋር ይዋሐድና የያዘውን ወደ ውጭ ያፈሳል። ፕሮስታግላንዲን እንዲህ ተዘጋጅቶ አይቀመጥም፤ ተቀምጦ የሚጠብቀው ጥሬ ዕቃው ብቻ ነው።

ጥሬ ዕቃው ያለው በሽፋኖቹ ውስጥ ነው። የሕዋስ ሽፋን በዋናነት የተገነባው ፎስፎሊፒድ ከሚባሉ ሞለኪውሎች ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የስብ አሲድ ጅራት አላቸው። አራኪዶኒክ አሲድ በአብዛኛው የሚገኘው ጅራቶቹን በሚያያይዘው ባለሦስት ካርቦን ግንድ፣ በግሊሰሮሉ፣ መካከለኛ ካርቦን ላይ ታስሮ ነው። እዚያ እስካለ ድረስ የሽፋኑ አካል እንጂ መልእክት አይደለም። በተረጋጋ ሕዋስ ውስጥ በነጻ የሚገኘው መጠን እጅግ አነስተኛ ነው፤ የተላቀቀ ቢኖር እንኳ ሌሎች ኤንዛይሞች ፈጥነው ወደ ፎስፎሊፒድ ይመልሱታል። ስለዚህ በዚህ ወገን መልእክተኞች ዘንድ "መልቀቅ" የሚጀምረው ከመሥራት ነው። ብዙ ማብራሪያዎች ግን እዚህ ላይ ያቆሙና የተሠራው ሞለኪውል እንዴት ከሕዋሱ እንደሚወጣ ሳይነግሩን ያልፋሉ። ይህ ጽሑፍ በተለይ ትኩረት የሚሰጠው ለዚያ ለተዘለለው ክፍል ነው።

ምርቱን የሚቀሰቅሰው ምንድን ነው?

ቀስቃሹ እንደ ሕዋሱ ዓይነት ይለያያል። ትሮምቢን፣ ብራዲኪኒን ወይም ሂስታሚን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ከተቀባያቸው፣ ማለትም ምልክታቸውን ከሚይዘው የሕዋሱ ፕሮቲን፣ ጋር ሲገናኙ፣ ነጭ የደም ሕዋስ ባክቴሪያ ሲገጥመው፣ የአጥንት ሕዋስ ጫና ሲያርፍበት ሒደቱ ይጀምራል። መነሻዎቹ ቢለያዩም ብዙዎቹ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፤ በሕዋሱ ውስጥ ያለው የካልሲየም መጠን ከፍ ይላል። በእረፍት ላይ ያለ ሕዋስ ነጻ ካልሲየሙን 100 ናኖሞላር አካባቢ ዝቅ አድርጎ ይይዛል። ይህ መጠን በብዙ እጥፍ ሲጨምር ሳይቶሶሊክ ፎስፎሊፔዝ ኤ2 የሚባለው ኤንዛይም ይነቃል።

የዚህ ኤንዛይም አሠራር ደስ የሚል ነው። ካልሲየም የሚያስፈልገው ስቡን ለመቁረጥ ሳይሆን ከሽፋን ጋር ለመጣበቅ ነው። በአንድ ጫፉ ያለው ክፍል ካልሲየም ሲይዝ ኤንዛይሙ ከሕዋሱ ፈሳሽ ተነሥቶ ወደ ሽፋን ይሄዳል። የሚሄደውም ብዙዎች እንደሚገምቱት ወደ ውጨኛው የሕዋስ ሽፋን ሳይሆን በዋናነት ወደ ኒውክለሱ ሽፋን፣ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለምና ጎልጂ ወደሚባሉት የሕዋሱ ውስጣዊ ሽፋኖች ነው። ሌሎች ኤንዛይሞች የፎስፌት ምልክት ሲጨምሩበት ሥራው ይበረታል። እዚያ ደርሶ አራኪዶኒክ አሲዱን ቆርጦ ያወጣል። ይህ ማለት መልእክቱ የሚወለደው ከመውጫው ርቆ፣ በሕዋሱ ውስጠኛ ክፍል ነው ማለት ነው።

ይህ ኤንዛይም በተፈጥሮ የጎደላቸው ጥቂት ሰዎች በሕክምና ታሪክ ተመዝግበዋል። በትንሹ አንጀታቸው ላይ ተደጋጋሚ ቁስለት ይታይባቸዋል፤ ደምን የሚያረጉት ጥቃቅን የደም ሕዋሳት፣ የፕሌትሌቶቻቸው፣ ሥራም ይዛባል። የአንድ ኤንዛይም መጉደል ይህን ያህል ማስከተሉ የመጀመሪያው ቁረጣ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ያሳያል።

የተቆረጠው አራኪዶኒክ አሲድ ቀጥሎ ምን ይሆናል?

በዋናነት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ሳይክሎኦክሲጅኔዝ፣ በአጭሩ ኮክስ፣ በሚባለው ኤንዛይም በኩል ነው። ኮክስ ኦክስጅን ጨምሮበት ፕሮስታግላንዲን ኤች2 የሚባል ያልረጋ መካከለኛ ሞለኪውል ያደርገዋል። ከዚህ በኋላ ያለው ዕጣ የሚወሰነው ሕዋሱ በያዘው ቀጣይ ኤንዛይም ነው። ፕሌትሌቶች ትሮምቦክሳን ኤ2 ያደርጉታል፤ የደም ሥሮችን የውስጥ ግድግዳ የሚሸፍኑ ሕዋሳት ፕሮስታሳይክሊን ያደርጉታል፤ በአለርጂ ጊዜ የሚነቁት ማስት ሕዋሳት ፕሮስታግላንዲን ዲ2፣ ሌሎች ብዙ ሕዋሳት ደግሞ ፕሮስታግላንዲን ኢ2 ይሠሩበታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተቃራኒዎች ናቸው፤ ትሮምቦክሳን ፕሌትሌቶችን ያያይዛል፣ ፕሮስታሳይክሊን ይህንኑ ይከለክላል።

ሁለተኛው መንገድ ባለ5 ሊፖክሲጅኔዝ ነው። ይህ በተለይ በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ይበዛል። አራኪዶኒክ አሲዱን የሚያቀርብለት ረዳት ፕሮቲን በኒውክለሱ ሽፋን ላይ ይገኛል፤ ውጤቱም ሊውኮትራይን ኤ4 ነው። ከእርሱ ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚጠራው ሊውኮትራይን ቢ4፣ ወይም የአየር ቧንቧን የሚያጠበው ሊውኮትራይን ሲ4 ይገኛል።

ከስብ የተሠሩ ከሆኑ የሕዋሱን ሽፋን በራሳቸው አያልፉም?

ከሁሉ ይበልጥ የሚደጋገመው ጥያቄ ይህ ነው። ግምቱ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ሽፋኑ ስብ ነው፣ ሞለኪውሉም ከስብ የመጣ ነው፣ ስለዚህ ያለ ችግር ያልፋል። ለረጅም ጊዜ በማስተማሪያ መጻሕፍትም እንዲሁ ይነገር ነበር። ሆኖም ፕሮስታግላንዲን ከአባቱ ከአራኪዶኒክ አሲድ ተለውጧል። ኦክስጅን የያዙ ቡድኖች ተጨምረውበታል፤ በአንድ ጫፉ ያለው የአሲድ ቡድንም አልተነካም። ይህ የአሲድ ቡድን ፕሮቶኑን የሚጥልበት ፒኤች 5 አካባቢ ሲሆን፣ በሰውነታችን ፒኤች 7.4 ላይ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሞለኪውሎች አሉታዊ ሙል ይይዛሉ። ሙል ያለው ነገር ደግሞ በስብ ሽፋን መካከል ማለፍ ይከብደዋል።

ይህ በሙከራም ታይቷል። ገና በ1970ዎቹ ላዝሎ ቢቶ የተባለ ተመራማሪ ፕሮስታግላንዲኖች ወደ ብዙ ሕብረ ሕዋሳት በቀላሉ እንደማይገቡ፣ በሚገቡባቸው ላይም የማስገባቱ ሥራ እንደሚጠግብና በሌሎች ንጥረ ነገሮች እንደሚታገድ አሳየ። መጥገብና መታገድ የተሸካሚ ፕሮቲን ምልክቶች እንጂ የተራ ስርገት፣ ማለትም ያለ ረዳት በራስ የማለፍ፣ ባሕርይ አይደሉም።

ጥቂት ስርገት የለም ማለት ግን አይደለም። የሕዋስ ውስጠኛው ክፍል ከውጩ አንጻር አሉታዊ በመሆኑ አሉታዊ ሙል ያላቸውን ሞለኪውሎች ወደ ውጭ ይገፋል። በዚህ ምክንያት ፕሮስታግላንዲን በዝግታም ቢሆን በራሱ እንደሚወጣ፣ መልሶ ለመግባት ግን ተሸካሚ እንደሚያስፈልገው ሲታመን ቆይቷል። በእኔ አመለካከት ይህ ሐሳብ ግማሽ እውነት ነው። ዝግተኛው ስርገት መነሻ ፍሰት ሊሰጥ ይችላል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ መልእክት መላክ የሚያስፈልገው ሕዋስ ግን በእርሱ ላይ ብቻ ሊተማመን አይችልም።

ታዲያ በየትኛው በር ይወጣሉ?

በሚገባ የታወቀው ኤምአርፒ4 የሚባለው ተሸካሚ ፕሮቲን ነው። የኤቢሲ ተሸካሚዎች ከሚባለው ትልቅ ቤተሰብ የሆነ፣ ኤቲፒ የተባለውን የሕዋስ ነዳጅ አቃጥሎ ሞለኪውሎችን ወደ ውጭ የሚያወጣ ፕሮቲን ነው። ፕሮስታግላንዲን ኢ1ንና ኢ2ን እንደሚያወጣ በ2003 ተገለጸ። በዚያው ጥናት አንድ ትኩረት የሚስብ ነገር ታየ። ኢንዶሜታሲንን የመሳሰሉ አንዳንድ የተለመዱ ፀረ ብግነት መድኃኒቶች ኮክስን ብቻ ሳይሆን ይህን ተሸካሚም ያግዳሉ።

ሊውኮትራይን ሲ4 ደግሞ በራሱ የሚያልፍበት ዕድል ከቶ የለውም። ግሉታታዮን የሚባል ሦስት አሚኖ አሲድ ያለው ትልቅ ቡድን ተለጥፎበታልና። መውጫው ኤምአርፒ1 ነው። ይህ ተሸካሚ የሌላቸው አይጦች ሊውኮትራይን ሲ4ን በሕዋሶቻቸው ውስጥ ይሠራሉ፣ ወደ ውጭ መላኩ ግን ይዳከምባቸዋል፤ በዚህ ሊውኮትራይን የሚመጣው ብግነትም ይቀንስባቸዋል። መሥራትና መልቀቅ ሁለት የተለያዩ እርምጃዎች መሆናቸውን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ከሕዋሱ ከወጣ በኋላም በውጭ ያሉ ኤንዛይሞች ከግሉታታዮኑ ላይ አሚኖ አሲዶችን እየቆረጡ ሊውኮትራይን ዲ4ንና ኢ4ን ያደርጉታል፤ ስለዚህ መልእክቱ ቅርጹን የሚጨርሰው ከበር ውጭ ነው።

ሦስተኛ ዓይነት መውጫም አለ። በአጥንት ውስጥ ያሉ ኦስቲዮሳይት የሚባሉ ሕዋሳት ጫና ሲያርፍባቸው ኮኔክሲን 43 ከተባለ ፕሮቲን የተሠሩ ቀዳዳዎችን ከፍተው ፕሮስታግላንዲን ኢ2ን ያወጣሉ። ይህ ጉልበት የሚያቃጥል ተሸካሚ ሳይሆን የሚከፈትና የሚዘጋ መተላለፊያ ነው።

ከወጡ በኋላ ምን ያህል ይቆያሉ?

ጥቂት። የትሮምቦክሳን ኤ2 ግማሽ ዕድሜ በሰውነት ሙቀት 30 ሴኮንድ ያህል ነው፤ ማንም ሳይነካው ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ወደማይሠራ መልክ ይለወጣል። ፕሮስታሳይክሊንም በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ፕሮስታግላንዲን ኢ2 በኬሚካል ደረጃ ከእነርሱ የረጋ ቢሆንም ደም ውስጥ ገብቶ አይቆይም። ቬንና የሥራ ባልደረባው ሰርጂዮ ፌሬራ በ1967 እንዳሳዩት፣ አብዛኛው በሳንባ ውስጥ አንድ ጊዜ ሲያልፍ ይወገዳል።

የማስወገዱ ሥራ በሁለት ደረጃ ይከናወናል። መጀመሪያ ፒጂቲ የሚባል ተሸካሚ ፕሮስታግላንዲኑን ከውጭ ወደ ሕዋስ ያስገባዋል፤ ከዚያ በሕዋሱ ውስጥ ያለ ባለ15 ሃይድሮክሲ ፕሮስታግላንዲን ዲሃይድሮጅኔዝ የተባለ ኤንዛይም ያመክነዋል። ኤንዛይሙ ያለው በውስጥ ነውና ተሸካሚው ከሌለ ሥራ ይፈታል። ከሁለቱ የአንዱ ዘረ መል በተበላሸባቸው ሰዎች ላይ አንድ ዓይነት ሕመም መታየቱ ይህን ያረጋግጣል። የጣቶቻቸው ጫፎች ያብጣሉ፤ አጥንቶቻቸውና ቆዳቸው ይወፍራሉ፤ ፕሮስታግላንዲን ኢ2 በሰውነታቸው ይበዛል።

በዚህ ሥርዓት ላይ የሚደገፍ አንድ አስደናቂ ክስተት በእያንዳንዱ አዲስ ልደት ይፈጸማል። በማሕፀን ውስጥ ያለ ፅንስ በሳንባው የሚያልፈው ደም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ፕሮስታግላንዲን ኢ2 አይወገድም፤ ከፍተኛ መጠኑም ደሙ ወደ ሳንባ ሳይገባ እንዲሄድ የሚያስችለውን የደም ቧንቧ ክፍት ያደርገዋል። ሕፃኑ ተወልዶ ሲተነፍስ ደም ወደ ሳንባው ይጎርፋል፤ ፕሮስታግላንዲኑ ይጠረጋል፤ ቧንቧውም መዘጋት ይጀምራል። ፒጂቲ የሌላቸው የአይጥ ግልገሎች ይህ ቧንቧ ሳይዘጋላቸው ይሞታሉ። ሐኪሞችም ይህን እውቀት በሁለቱም አቅጣጫ ይጠቀሙበታል። አንዳንድ የልብ ጉድለት ያለባቸው ሕፃናት ቧንቧው ክፍት እንዲቆይላቸው ፕሮስታግላንዲን ኢ1 ይሰጣቸዋል፤ ቧንቧው አልዘጋ ላላቸው ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ደግሞ ኢንዶሜታሲን ወይም ኢቡፕሮፌን ይሰጣል።

አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን የሚያግዱት መለቀቁን ነው ወይስ መመረቱን?

በዋናነት መመረቱን ነው፤ ይህን በ1971 ያሳየው ጆን ቬን ነው። ሁለቱም ኮክስን ያግዳሉ፤ አኳኋናቸው ግን ይለያያል። ኢቡፕሮፌን ከኤንዛይሙ ጋር ተገናኝቶ ይለቀዋል። አስፕሪን ግን የኬሚካል ቡድን በቋሚነት ይለጥፍበታል፤ ኤንዛይሙም አያገግምም። ኒውክለስ ያላቸው ሕዋሳት አዲስ ኮክስ ሠርተው ይተካሉ። ፕሌትሌት ኒውክለስ ስለሌለው ከ7 እስከ 10 ቀን በሚሆነው ዕድሜው ሙሉ ትሮምቦክሳን ለመሥራት ይሳነዋል። አነስተኛ የአስፕሪን መጠን በቀን አንድ ጊዜ ተወስዶ የደም መርጋትን የሚቀንሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ኮርቲኮስቴሮይዶች የሚባሉት ብግነት አብራጅ መድኃኒቶች ከዚህ ሰፋ ያለ ሥራ ይሠራሉ። በዘረ መሎች ሥራ ላይ ተጽዕኖ አሳድረው በብግነት ጊዜ የሚመጣው ሁለተኛው የኮክስ ዓይነት (ኮክስ2) እንዳይመረት ያደርጋሉ፤ የፎስፎሊፔዝንም ሥራ ይገታሉ።

ሁለት ኮክስ ለምን አስፈለገ?

ኮክስ1 በብዙ ሕዋሳት ውስጥ ሁልጊዜ አለ፤ ኮክስ2 ግን በአብዛኛው ብግነት ሲነሣ በሰዓታት ውስጥ የሚመረት ነው። በዚህ ምክንያት የመልእክቱ አለቃቀቅም ሁለት ምዕራፍ ይኖረዋል። ፈጣኑ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣና ያልፋል፤ ዘግይቶ የሚመጣው ለሰዓታት ይቆያል።

ኮክስ2ን ብቻ የሚያግዱ መድኃኒቶች የተሠሩት ጨጓራን ሳይጎዱ ሕመምን ለማስታገስ ነበር። ዓላማው በጎ ነበር፣ ለጨጓራም ጠቅሟል። ነገር ግን የደም ሥር ፕሮስታሳይክሊን በብዛት በኮክስ2 የሚሠራ ሆኖ ተገኘ፤ የፕሌትሌት ትሮምቦክሳን ደግሞ በኮክስ1። አንዱን ብቻ ማገድ ሚዛኑን ወደ መርጋት አዘነበለው። ሮፌኮክሲብ የተባለው መድኃኒት ድንገተኛ የልብ ጥቃትና የአንጎል ምት አደጋን ስለጨመረ በ2004 ከገበያ ወጥቷል።

አንድ ሞለኪውል ትኩሳትም ጨጓራ መጠበቅም እንዴት ይችላል?

ልዩነቱን የሚያመጣው ተቀባዩ ነው። ለፕሮስታግላንዲን ኢ2 ብቻ አራት ዓይነት ተቀባዮች አሉ። ሁለቱ በሕዋሱ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን የውስጥ መልእክተኛ ከፍ ያደርጋሉ፤ አንዱ ዝቅ ያደርጋል፤ አንዱ ካልሲየምን ይጨምራል። በአንጎል ሃይፖታላመስ አካባቢ ያለው ሦስተኛው ዓይነት ተቀባይ ሲነካ የሰውነት ሙቀት ይጨምራል። በጨጓራ ውስጥ ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የአሲድን መመንጨት ይቀንሳል፤ ንፍጥና ባይካርቦኔት እንዲበዛም ያደርጋል። መልእክቱ ቦታውን ለቆ ሩቅ ስለማይሄድና ፈጥኖ ስለሚጠፋ እነዚህ ሥራዎች አይደበላለቁም።

አንዱ ሕዋስ የጀመረውን ሌላው ሊጨርሰው ይችላል?

ይችላል፤ ይህ ከመጽሐፍ ገጽ ላይ የሚገኘውን ንጹሕ ሥዕል ያፈርሳል። ፕሌትሌቶች ባለ5 ሊፖክሲጅኔዝ የላቸውም፤ ስለዚህ ብቻቸውን ሊውኮትራይን መሥራት አይችሉም። ነገር ግን ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ የሠራውን ሊውኮትራይን ኤ4 ሲያወጣ ተቀብለው ወደ ሊውኮትራይን ሲ4 የሚለውጡበት ኤንዛይም አላቸው። ሊውኮትራይን ኤ4 በውሃ ውስጥ በሴኮንዶች የሚበላሽ ሞለኪውል በመሆኑ ርክክቡ የሚሆነው ሁለቱ ሕዋሳት በጣም ሲቀራረቡ ነው። እንደ አልቡሚን ያሉ ፕሮቲኖች ደግሞ ዕድሜውን ጥቂት ያራዝሙለታል። ስለዚህ በሳህን ውስጥ ለብቻው ያደገ ሕዋስ የሚለቀውን ዓይቶ በሰውነት ውስጥም ያንኑ ብቻ ይለቃል ማለት ያሳስታል።

የነርቭ ሕዋሳትም እንዲህ ዓይነት መልእክት ይለቃሉ?

አዎን፤ አቅጣጫው ግን የተገላቢጦሽ ነው። በተለመደው መንገድ ላኪው ነርቭ በከረጢት የያዘውን ወደ ተቀባዩ ይለቃል። ባለ2 አራኪዶኖይል ግሊሰሮል የሚባለው ውስጣዊ ካናቢኖይድ (ሰውነት ራሱ የሚሠራው ካናቢስን የሚመስል መልእክተኛ) ግን የሚሠራው በተቀባዩ ነርቭ ሽፋን ላይ፣ በሚያስፈልግበት ቅጽበት ነው። ወደ ኋላ ተጉዞ ላኪው ላይ ያለውን ተቀባይ ይነካና "አሁን ቀንስ" ይለዋል። በ1992 ከአሳማ አንጎል የተለየው አናንዳማይድም የዚሁ ወገን ነው። ከፕሮስታግላንዲን በተለየ ሁለቱም ሙል የላቸውም፤ ስለዚህ የሚቸግራቸው ሽፋኑን መልቀቅ ሳይሆን ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ውሃ መሻገር ነው። እንዴት እንደሚሻገሩት፣ ተሸካሚ ፕሮቲን አለ ወይስ የለም በሚለው ላይ ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከራሉ።

የአይጥ አንጎል ጥናቶች ደግሞ ሌላ ዝምድና አሳይተዋል። እዚያ ለፕሮስታግላንዲን የሚሆነው አራኪዶኒክ አሲድ በብዛት የሚገኘው በፎስፎሊፔዝ ሳይሆን ይኸው ባለ2 አራኪዶኖይል ግሊሰሮል ሲፈርስ ነው። የአንዱ መልእክት መጥፋት የሌላው መነሻ ይሆናል ማለት ነው።

እጽዋትስ?

እነርሱም የራሳቸው አላቸው። ቅጠል ሲበላ ወይም ሲቆረጥ ከሊኖሌኒክ አሲድ ጃስሞኒክ አሲድ ይሠራል። ሥራው በክሎሮፕላስት ተጀምሮ ፐሮክሲሶም በሚባል ሌላ የሕዋሱ ክፍል ያልቃል፤ መካከለኛውን ሞለኪውል ከክሎሮፕላስቱ የሚያወጣ ልዩ ፕሮቲንም ተገኝቷል። በአየር የሚተነው ሜቲል ጃስሞኔት ደግሞ ወደ ጎረቤት ተክል ይደርሳል። በ1990 በታተመ ሥራ ከሴጅብራሽ ቁጥቋጦ የሚወጣው ይህ ትነት በአጠገቡ የተቀመጠ ቲማቲም የመከላከያ ፕሮቲኖችን እንዲሠራ እንደሚያደርግ ታይቷል።

የዓሣ ዘይት መልእክቶቹን ይለውጣል?

በተወሰነ ደረጃ። የዓሣ ዘይት ውስጥ ያለው ኢፒኤ የተባለ የስብ አሲድ እንደ አራኪዶኒክ አሲድ 20 ካርቦን ያለው ሲሆን በአንድ ድርብ ትስስር ይበልጠዋል። ሽፋን ውስጥ ገብቶ ቦታውን ሲጋራ፣ ተቆርጦ የሚወጣውም የተቀላቀለ ይሆናል። ኮክስ1 ኢፒኤን በደካማው ነው የሚቀበለው፤ ከእርሱ የሚሠራው ትሮምቦክሳን ኤ3ም ፕሌትሌቶችን የማያያዝ ኃይሉ ትንሽ ነው። ከኢፒኤና ዲኤችኤ ከሚባለው ሌላ የዓሣ ዘይት ስብ አሲድ የሚሠሩ ሬዞልቪን የተባሉ ሞለኪውሎች ብግነትን ያበርዳሉ የሚለው ምርምር ተስፋ ሰጪ ነው፤ በሰው አካል ውስጥ በሚገኙት ጥቂት መጠን ይህን ሥራ መሥራታቸው ግን አከራካሪ እንደሆነ ነው።

አስፕሪን አንዳንድ የአስም ሕሙማንን ለምን ያጠቃቸዋል?

አለርጂ ይመስላል፤ ነገር ግን እንደ ተለመደው አለርጂ ለአንድ መድኃኒት ብቻ የሚነሣ አይደለም። እነዚሁ ሰዎች ኬሚካላዊ መልኩ በጣም ለሚለየው ኢቡፕሮፌንም እንዲሁ ይሆናሉ፤ የጋራ ነገራቸው ኮክስ1ን ማገዳቸው ነው። በእነዚህ ሕሙማን የሊውኮትራይን ምርት አስቀድሞም ከፍተኛ ነው፤ ከሽንታቸው የሚለካው ሊውኮትራይን ኢ4 ይህን ያሳያል። ፕሮስታግላንዲን ኢ2 ደግሞ በባለ5 ሊፖክሲጅኔዝ ላይ ልጓም ነበር። ኮክስ ሲታገድ ልጓሙ ይለቃል፤ ሊውኮትራይኑ ይጎርፋል፤ የአየር ቧንቧው ይጠባል። ብዙ ጊዜ "አራኪዶኒክ አሲዱ በአንዱ መንገድ ሲዘጋበት በሌላው ይፈሳል" ተብሎ ይገለጻል። የልጓሙ መላቀቅ ግን፣ በእኔ ግምት፣ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ነው። ምክንያቱም ጤነኛ ሰዎች ኮክሳቸው ቢታገድም እንዲህ ያለ ጎርፍ አይመጣባቸውም።

አስም፣ በአፍንጫ ውስጥ የሚበቅል ሥጋና የአስፕሪን አለመስማማት በአንድ ሰው ላይ አብረው ይታያሉ። ሦስቱን በራሱ ላይ ያየ ሰው ማንኛውንም የሕመም ማስታገሻ ከመውሰዱ በፊት ሐኪም ማማከር አለበት፤ ጥቃቱ ለሕይወት የሚያሰጋ ሊሆን ይችላል።

በደም ውስጥ መጠናቸውን መለካት ለምን ያስቸግራል?

መርፌው ራሱ ፕሌትሌቶችን ስለሚያነቃ ነው። ናሙናው በጠርሙስ ውስጥ ሲረጋ በሰውነት ውስጥ ከነበረው እጅግ የሚበልጥ ትሮምቦክሳን ይመረታል። ይህ ቁጥር ፕሌትሌቶቹ ምን ያህል መሥራት እንደሚችሉ ይነግራል፤ አስፕሪን በሚገባ መሥራቱን ለማረጋገጥም ይጠቅማል። በሰውነት ውስጥ በእርግጥ ምን ያህል እንደተለቀቀ ለማወቅ ግን የፈረሱትን ቅሪቶች በሽንት ውስጥ መፈለግ ይሻላል።

በሙከራ ሳህን ውስጥ ያለው ፕሮስታግላንዲን ከቀነሰ ምርቱ ቀንሷል ማለት ነው?

የግድ አይደለም። በሕዋሳቱ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ የሚለካው መጠን የአራት ነገሮች ውጤት ነው፤ ምን ያህል ተሠራ፣ ምን ያህሉ ወጣ፣ ምን ያህሉ በፒጂቲ ተመልሶ ገባ፣ ከገባውስ ምን ያህሉ ፈረሰ። ኤምአርፒ4ን የሚያግድ ንጥረ ነገር ኮክስን ሳይነካ ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል። ፒጂቲን የሚያግድ ደግሞ ምርት ሳይጨምር ከፍ ያደርጋል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚነካ መድኃኒት ከገጠመ ቁጥሩ ምንም ላይለወጥ ይችላል።

ለመለየት በፈሳሹ ውስጥ ያለውን ብቻ ሳይሆን በሕዋሱ ውስጥ የቀረውንም መለካት ያስፈልጋል። የውስጡ ከፍ ብሎ የውጩ ዝቅ ካለ ችግሩ ያለው በሩ ላይ ነው፤ ሁለቱም ዝቅ ካሉ ምርቱ ላይ መሆኑ ያመዝናል። የፈረሰውን ቅሪት መጠን ማየትም ይረዳል፤ ብዙ ቅሪት ከተገኘ ፕሮስታግላንዲኑ ተሠርቶ ነበር፣ የጠፋው ግን ከተሠራ በኋላ ነው። ከዚህ በተጨማሪ አራኪዶኒክ አሲድ ከውጭ ጨምሮ ማየት ይቻላል። ያኔ ምርቱ ከተመለሰ ኮክስ ደኅና ነው፤ የተጓደለው የመጀመሪያው ቁረጣ ነው።